የጦስኙ ጀበና

ሐሙሲት ላይ ሳል የያዘው ልጅ ከሐኪም አስቀድሞ የሚያየው አያቱን ነው። የእኔዋ አያት ከደጋ የወረደ ደረቅ ጦስኝ በጀበና ታፈላና ማር ጠብ አድርጋ፣ «ጠጣ የኔ ልጅ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል» ትለኝ ነበር። እውነትም ይወስደኝ ነበር። «ስንት ቅጠል ነው?» ስላት ግን መልሷ አንድ ነው፤ «እጄ ያውቀዋል»።

ዛሬ ያን ሲኒ ሳስበው፣ ማስረጃው ከጦስኙ ይልቅ ለማሩ ያደላል። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ 899 ልጆች የተሳተፉባቸውን ስድስት ጥናቶች መዝኖ፣ ማር ምንም ካለመስጠት በተሻለ ሳልን ሳያስታግስ እንደማይቀር ገልጿል። (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር መርዝ ሊሆንበት ይችላልና አይሰጥም።) በጦስኙ ዘይት ውስጥም ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ሆኖም በብልቃጥ ውስጥ ጀርም መግደል ሌላ፣ የሰውን ደረት ማዳን ሌላ።

ከአበው ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። የዕፁ ስም ከተገለጠ ኃይሉ ይከዳል የሚለው እምነት ስንቱን እውቀት ከባለቤቱ ጋር አስቀበረው! መጽሐፈ መድኃኒት ጽፈው ያለፉ ደብተሮች መኖራቸውን አልዘነጋሁም፤ አብዛኛው ግን በጆሮ ሹክ ተብሎ ቀረ። ቻይናዊው ጌ ሆንግ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትኩሳቱን ዕፅ ስምና አዘገጃጀት ጽፎ ስለተወ፣ ቱ ዩዩ ጽሑፉን አንብባ ማፍላቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋ ጠረጠረች። ከዚያ ጥርጣሬ አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተገኘ፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። መጠርጠር የሚቻለው የተጻፈውን ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚለውን ማን ይፈትነዋል?

ይህን የምለው በነገር ፍቅር አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ሦስት ወር ሙሉ ከዚያው ጀበና ጠጣች። ሕመሟ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ጦስኙ አልጎዳትም፤ ሌሊቱን ያሳርፋት ነበር፤ ስላሳረፋትም ዘገየች። አክታዋ የተመረመረው ሰውነቷ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለት ልጆች ትታ አለፈች። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ምርመራ እንደሚሻ፣ የነቀርሳው መድኃኒትም በነፃ እንደሚሰጥ የነገራት አልነበረም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አያቴ ጦስኝ ፈልጎ የመጣን ሰው ሁሉ ሳሉ ከየትኛው ሐሙስ እንደጀመረው ትጠይቅ ጀመር። ሁለት ሐሙስ ካለፈው ጀበናውን አትጥድለትም።