ኦርጅናል የሚለው ካርቶኑ ነው ወይስ ብረቱ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች የዕርዳታና የመንግሥት ሠራተኛ ሲያመላልሱ ከኖሩት መኪኖች አንዱ ላንድክሩዘር ነው። ክብ መብራት ያለው አጭሩ «ኤፍ ጄ 40» ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። እዚህ ግን ሞተሩ ሲደክም ወይ የተገኘው ሞተር ይገጠምለታል፣ ወይ በኪሎ ለቁራሌ ይሄዳል።

ይህ ልማድ መቆም አለበት፤ ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ የሚያድርበት መኪና ተተኪ የሌለው ንብረት ሆኗል። እሱን ማደስ ዋጋ የሚኖረው ግን የሚገባው ዕቃ የዚያው መኪና ሲሆን ነው።

ጣጣው የሚጀምረው «ኦርጅናል» ከሚለው ቃል ነው። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ኦርጅናል ማለት «ታይዋን አይደለም» ማለት ነው። መኪና ለሚያድስ ሰው ይህ ትርጉም አይበቃም። ቶዮታ ራሱ የሠራው ዕቃ እንኳ ለሌላ ዘመን ሞተር የተሠራ ከሆነ ለዚያ መኪና ባዕድ ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የቀደሙት ኤፍ ጄ 40ዎች ሞተር «ኤፍ» ይባላል፣ 3.9 ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ የመጣው «2ኤፍ» 4.2 ሊትር ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ናቸው፤ 2ኤፍን በቀድሞው መኪና ላይ መግጠምም ይቻላል። ስለዚህ «ገጠመ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ልዩነቱ የሚወጣው ቴስታታው ሲነሳ ነው፦ የኤፍ ሲሊንደር ስፋት 90 ሚሊ ሜትር፣ የ2ኤፍ 94 ነው። የኤፍን ጓርኒሲዮን 2ኤፍ ላይ ያስቀመጠ መካኒክ ጠርዙን ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ወደ እሳቱ አስገባው ማለት ነው። ሲሊንደሩ ቀደም ሲል ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችልም ልኬቱን ብሎኩ ጎን ላይ ከተመታው የሞተር ቁጥር ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ስለ ካርቶኑም ቢሆን የሚባል አለ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አሥር አኃዝ ነው። የፊተኞቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ብቻ ይናገራሉ፤ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ የየትኛውም ሞተር ይሁን። የትኛው ሞተር እንደሆነ የሚለዩት የኋለኞቹ አምስት ናቸው። ሻጭ የፊተኞቹን አሳይቶ «ይኸው፣ ያው ነው» ቢል አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የተናገረው። በተቃራኒው ፋብሪካው አንዳንድ አሮጌ ቁጥሮችን በአዲስ ስለተካ፣ ቁጥሩ ስለተለየ ብቻ ዕቃውን ሐሰተኛ ማለትም ስሕተት ነው።

የጋይንት ደጋ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ከአየሩ የበለጠ ነዳጅ ይሰጣል፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ባለቤቱ «ካርቡራተሩ አልቋል» ይባልና ከሃምሳ ዓመት በፊት አብሮ የመጣው ጤነኛ ካርቡራተር ይጣላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ነዳጁ የሚያልፍባትን ትንሿን የናስ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ብቻ ነበር። በየቆሻሻው ስንት ደህና ካርቡራተር እንደተጣለ ማን ቆጥሮት!

የሞተር ቁጥሩ ሌላም ጉዳይ አለበት። ሊብሬው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የተመዘገበው እሱ ነው። ዝገት ለማጽዳት ብሎኩን በግራይንደር የሚልግ ሠራተኛ የመኪናውን መታወቂያ እየሰረዘ መሆኑን ልብ አይልም፤ ጣጣው የሚመጣው ሽያጭ ወይም የስም ዝውውር ሲኖር ነው።

«ለስማዳ መንገድ መሄዱ ይበቃል፣ ሙዚየም አናደርገው» የሚሉ አሉ። እህል ለሚጭን መኪና እውነታቸውን ነው፤ ባለው ዕቃ አሠርቶ የሚያስነሳ የገጠር መካኒክም ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን መኪናውን «አድሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ጋራዥ፣ ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሞተር ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ እንዲሰጥ፣ የገዛውን ዕቃ ቁጥር ሙሉ አሥሩን ደረሰኝ ላይ እንዲጽፍ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስ። ሦስተኛው ላይ ባለቤቶች ብዙም አይጨነቁም፤ ከባድ ነው፣ ዘይት ይነካል፣ «ብረት ነው» ተብሎ ይተዋል። ነገ ትክክለኛው ቴስታታ ሲፈለግ ግን ሲቀለጥ የታተመው ቁጥር ያለው በዚያ ዘይት በነካው ብረት ላይ ነው።