«የማይሞላው» ጉድጓድ

በከተሞቻችን ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ከሚሰሙት የምስጋና ቃላት አንዱ «የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሞልቶ አያውቅም» የሚለው ነው። ባለቤቱ በኩራት ይናገረዋል፤ ሰሚውም ከወጪ መዳኑን አስቦ ደስ ይለዋል። እኛ ግን ይህ አባባል ከምስጋና ይልቅ የብልሽት ምስክር ሊሆን እንደሚችል ማሳየት እንወዳለን። ለዚህም ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አያስፈልገንም።

በአንድ ቤት የሚኖሩ አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 50 ሊትር ውኃ ቢጠቀሙና ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ቢገባ፣ የቀኑ ፍሳሽ 250 ሊትር ይሆናል። 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ በዚህ መጠን በ40 ቀን ይሞላል። አሥር ዓመት ሳይመጠጥ ከቆየ ደግሞ ከ900 ሺህ ሊትር በላይ ገብቶበታል ማለት ነው። ቁስ እንደማይጠፋ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ውኃ የት ገባ? በወለሉና በግድግዳው በኩል ወደ መሬት ሰርጓል።

መስረጉ በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ዶናልድ ካሜሮን በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ሠርቶ «ሴፕቲክ ታንክ» ብሎ የሰየመው ዓይነት ታንክም ውኃን ያሳልፋል እንጂ አያስቀርም። ልዩነቱ ውኃው ከመውጣቱ በፊት በሚያልፍበት ሂደት ላይ ነው። በትክክል በተሠራ ታንክ ግድግዳውና ወለሉ አያፈሱም፤ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከለኛው ፈሳሽ ብቻ ወደ ማስረጊያው ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ታንክ ውኃው ሁልጊዜ እስከ መውጫው ቧንቧ ድረስ የሞላ ነው። ስለዚህ «ሞልቷል ወይስ አልሞላም?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፤ ሊለካ የሚገባው የዝቃጩ ውፍረት ነው። ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት ረጅም ዱላ በክዳኑ በኩል እስከ ታች ቢወርድና ቢወጣ ዝቃጩ የደረሰበትን ምልክት ጨርቁ ላይ ይተዋል።

ውፍረቱ ለምን ያሳስበናል? 3 ሜትር ኩብ በሚይዝ ታንክ ውስጥ ከላይ የጠቀስነው ፍሳሽ 12 ቀን ይቆያል። ሁለት ሦስተኛውን ዝቃጭ ከያዘው ግን 4 ቀን ብቻ ይቀረዋል። ዲያሜትሯ በግማሽ ያነሰ ቅንጣት ለመስመጥ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ስለሆነም ደቃቆቹ ሳይዘቅጡ አምልጠው የማስረጊያውን አፈር ይደፍናሉ። የተደፈነ አፈር ደግሞ ታንኩን በማስመጠጥ አይድንም። ዝቃጩና ቅባቱ ተደምረው የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዙ ማስመጠጥ ይገባል የምንለው ለዚህ ነው።

የማይሞላው ጉድጓድ ሌላው ዕዳ የሚከፈለው በጎረቤት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በግቢው የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ከሰረገው ፍሳሽ ጋር ወደዚያ የሚሄዱትን ተሕዋስያን ማፍላት ይገድላቸዋል። ናይትሬትን ግን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲቀንስ የቀረው ናይትሬት ይበልጥ ይከማቻል፤ መጠኑ ሲበዛም በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው።

ክረምት የራሱን ፈተና ያመጣል። የጣራ አሸንዳን ከመጸዳጃው መስመር ጋር ማገናኘት በብዙ ግቢ የሚታይ ልማድ ነው። 100 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3000 ሊትር ይወርዳል፤ ይኸውም የታንኩን ሙሉ ይዘት ያህል ነው። ዝቃጩ ታምሶ ወደ ማስረጊያው ይነዳል። መረሬ አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ እርጥብ መሬቱ ብዙ ስለማይቀበል ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል። ጉድጓዱን በዝናብና በጨለማ ተከልሎ ወደ ቦይ የሚለቀውን ሰው በተመለከተ የምንለው አጭር ነው፤ ያ ቦይ ወንዝ ይገባል፣ በወንዙም ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ።

ብልሽት ሳይታወቅ አይመጣም። የመታጠቢያው ውኃ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አየር መውጫ ሲያጣ ቧንቧው ይንቆረቆራል፤ በበጋ አንድ ቦታ ብቻ መሬቱ ይረጥባል ወይም ሣሩ ከሌላው ተለይቶ ይለመልማል። በዚህ ጊዜ በረኪና መጨመር ዝቃጩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የቀን ሠራተኛን ወደ ጉድጓድ ማውረድ ነው። በዚያ የሚከማቸው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ጥቂት ይከብዳል፤ በአነስተኛ መጠን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው «ጠፋ» ይባላል። ሻማ አብርቶ በማውረድ የሚደረገው ፈተናም ይህን ጋዝ አያሳይም፤ ይባስ ብሎ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ሚቴን ካለ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ሰው ወርዶ ከወደቀ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያልያዘ ሁለተኛ ሰው ተከትሎት መውረድ የለበትም። የሚጠራው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ነው፤ እስኪደርስም ክዳኑ ክፍት እንደሆነ ይቆይ፣ በአካባቢው ማንም እሳት አያንድድ።