የግብር እፎይታው ለማን ነው?

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከውጭ ነዳጅ መላቀቅን አንቃወምም። የምንቃወመው እፎይታው መኪና መግዛት ለሚችለው ብቻ መታደሉን ነው። ደመወዝተኛው ዛሬም የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሠራተኛው ከደመወዙ የተወሰነውን ሲተው፣ አሠሪው የኤሌክትሪክ መኪና ተከራይቶ ይሰጠዋል። የገቢ ግብሩ በቀረው ደመወዝ ላይ ይሰላል፤ ለመኪናው የሚከፈለው ግብር አነስተኛ ነው። ይህ አሠራር እንዳለ ወደ አገራችን ቢገለበጥ ማን ይጠቀማል?

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ ይገበርበታል። ስለዚህ 20,000 ብር የሚያገኝ ኃላፊ 1,000 ብር ለመኪና ኪራይ ቢተው 350 ብር ግብር ይቀርለታል። 4,000 ብር ለሚያገኘው የጥበቃ ሠራተኛ የሚቀርለት 150 ብር ብቻ ነው፤ ያውም መኪና መከራየት ከቻለ! ይህ የጠገበን ማጉረስ ነው።

በሕዝብ ድምፅ ስንመረጥ፦

1. አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የኤሌክትሪክ ሰርቪስ አውቶቡስ ሲከራዩ የግብር ቅናሽ እንዲያገኙ እናደርጋለን።
2. ሠራተኛው በሰርቪስ በመጠቀሙ ግብር እንዳይጠየቅ በሕግ እንደነግጋለን።
3. የኃላፊዎች የግል መኪና ኪራይ ከግብር ተቀናሽ እንዲሆን አንፈቅድም።

ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው፤ እፎይታውም የሕዝብ ይሁን!