ከዋጋው በፊት ፍሬኑን እዩ

ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ የጀመሩ ወገኖቼ ቤይትካስተር የተባለውን ሪል (የማጥመጃ ክር መጠምጠሚያ) ሊገዙ ሲሉ ያማክሩኛል። ለጀማሪ በጣም ውዱን ዕቃ የሚያሸክም ሻጭ ያናድደኛል፤ ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው።

በቤይትካስተር ሲወረወር ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ ራሱ ይሽከረከራል። ማባበያው ውኃ ላይ ሲያርፍ ከበሮው መሽከርከሩን ከቀጠለ ክሩ ይተራመሳል። ይህን የሚገቱት አውራ ጣትና ፍሬን ናቸው። ስለዚህ ፍሬኑ ከውጭ በቀላሉ የሚስተካከል ሪል ምረጡ። ከመወርወራችሁ በፊት ማባበያውን አስራችሁ ወደ መሬት ልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ሲነካ ከበሮውም አብሮ መቆም አለበት።

ዘንጉ 7 ጫማ፣ ከመካከለኛ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ይሁን። ፖቶማክ ውስጥ ሃይድሪላ የተባለው አረም ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል፤ ልል ዘንግ ባሱን ከዚያ ጎትቶ ለማውጣት አቅም ያጥረዋል። የማርሹ ምጥጥን 7 ለ 1 ቢሆን እጀታው አንዴ ሲዞር ከበሮው 7 ጊዜ ይዞራል፤ የላላ ክር ቶሎ ይሰበሰባል።

በጣም ቀላል ማባበያ ለሚወረውር ግን ሲወረወር ከበሮው የማይሽከረከረው ስፒኒንግ ሪል ይሻላል። መካከለኛ ዋጋ ያለውን ግዙ፤ በተረፈው ገንዘብ የማጥመጃ ፈቃድ አውጡ።