የፊርማ ዋጋ

ወረቀት ይቀርብልናል፤ ብዕር እንቀበላለን፤ ከግርጌው ስማችንን ጽፈን እንመልሳለን። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ይሁን እንጂ የዚያች አንድ ደቂቃ ዕዳ አንዳንድ ጊዜ ዕድሜ ልክ ተከፍሎ አያልቅም፤ ለልጅም ይተርፋል። በአሜሪካን አገር ዲ.ሲ. ኮሚክስ የሚባል የታወቀ አሳታሚ ኩባንያ አለ። ሱፐርማንና ባትማን የተባሉትን የሥዕል ታሪክ ጀግኖች ለዓለም ያቀረበ እርሱ ነው። ወጣቶች የጀግኖቹን ታሪክ ያውቁታል፤ የፈጠሯቸውን ሰዎች ታሪክ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እንነሣ። ኩባንያውን በ1934 የመሠረተው ማልኮልም ዊለር ኒኮልሰን የተባለ፣ ቀድሞ የጦር መኰንን የነበረ ደራሲ ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎች አሳታሚዎች በጋዜጣ ወጥቶ ያደረውን የሥዕል ቀልድ እየሰበሰቡ ያትሙ ነበር፤ እርሱ ግን አዲስ ታሪክ እያስጻፈና እያስሣለ ማውጣት ጀመረ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ሃሪ ዶነንፌልድና ጃክ ሊቦዊትዝ ከሚባሉ ነጋዴዎች ጋራ ተሻረከ። ዕዳው እየከበደ ሄደና በ1938 ከገዛ ኩባንያው ወጣ። እንግዲህ የፈጠሩትን ለሌላ ትቶ መሄድ በዚህ ቤት የተጀመረው ከመሥራቹ ከራሱ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ሁለቱም በ1914 የተወለዱ፣ ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው። አንደኛው ይጽፋል፤ ሁለተኛው ይሥላል። ከሌላ ዓለም መጥቶ፣ በቀን እንደ ማንኛውም ሰው የጋዜጣ ሠራተኛ ሆኖ የሚውል፣ ጭንቅ ሲመጣ ግን ካባውን ደርቦ ደካማውን የሚያድን አንድ ኃያል ሰው አሰቡ። ሥራቸውን ይዘው ለብዙ ጊዜ የአሳታሚዎችን በር አንኳኩ፤ የተቀበላቸው አልነበረም። በ1938 ይህ ኩባንያ አክሽን ኮሚክስ ለሚባል አዲስ መጽሔት ታሪክ ሲፈልግ ሱፐርማን ታወሰ። ታሪኩ 13 ገጽ ነበር፤ ለአንዱ ገጽ 10 ዶላር ሆኖ በድምሩ 130 ዶላር ተከፈላቸው። አብሮ የቀረበላቸው ወረቀት ግን የሱፐርማንን መብት በሙሉ ለዘለዓለም ለኩባንያው የሚያስረክብ ነበር። ሁለቱም ፈረሙ። ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበር።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ መተረት ለእኛ ቀላል ነው። ነገር ግን እኛ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። ዓመታት ሙሉ ሥራው አይረባም ሲባል ለኖረ ወጣት፣ የመጀመሪያው «እሺ» ከገንዘቡም ይበልጥበታል። ከመካከላችን የመጀመሪያ ሥራውን ሲይዝ የቅጥሩን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ የፈረመ ስንቱ ነው? እውነቱን ከተናገርን እጃችንን የምናነሣ ጥቂቶች ነን።

በ10 ሳንቲም የሚሸጠው መጽሔት ገበያውን ያዘ። ሱፐርማን በ1940 ራዲዮ ገባ፤ በ1941 ደግሞ በሲኒማ ታየ። ኩባንያው በእነዚያ ዓመታት ለሁለቱ ጓደኛሞች ከፍ ያለ ገንዘብ ይከፍላቸው እንደ ነበረ አለመናገር አድልዎ ይሆናል። የሚከፈላቸው ግን እንደ ተቀጣሪ እንጂ እንደ ባለቤት አልነበረም። ሲገል ስለ ሱፐርማን ልጅነት አንድ ታሪክ ቢያቀርብ አልተቀበሉትም ነበር፤ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆኖ ሳለ ያንኑ አሳብ ሱፐርቦይ ብለው አወጡት። ሁለቱ በ1947 ኩባንያውን ከሰሱ። ፍርዱም የሱፐርቦይን መብት ለሲገል ሲሰጥ፣ ሱፐርማን ግን በ1938ቱ ወረቀት መሠረት የኩባንያው ነው አለ። በ1948 ወደ 94,000 ዶላር ገደማ ተቀብለው ሁሉንም ለቀቁ። ከዚያም በኋላ ስማቸው ከመጽሔቱ ላይ ጠፋ።

ብዙ ዓመት አለፈ። በ1970ዎቹ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ መሆኑ ሲነገር፣ ሲገል በካሊፎርኒያ የታይፕ ጸሓፊ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ሹስተር የዐይኑ ብርሃን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሲገል በ1975 ብሶቱን ጽፎ ለጋዜጦች በተነ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሠዓሊዎች ጉዳዩን የራሳቸው አደረጉት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የኩባንያው ባለቤት ዋርነር ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። ልብ በሉ! ይህን ያስገኘው ፍርድ ቤት አይደለም። በሕግ ዐይን ኩባንያው አንዳች ዕዳ አልነበረበትም፤ ያስከፈለው የሕዝብ ትዝብት ነው።

የባትማን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1939 የወጣውን ይህን ጀግና ቦብ ኬን ከቢል ፊንገር ጋራ ሆኖ ፈጠረው። ካባውንና ጭምብሉን ያሳሰበው፣ የመጀመሪያውንም ታሪክ የጻፈው፣ ከተማውንም ጎተም ብሎ የሰየመው ፊንገር ነው። ነገር ግን ከኩባንያው ጋራ የተዋዋለው ኬን ብቻ ስለ ነበረ፣ በየመጽሔቱ የሚጻፈው የእርሱ ስም ብቻ ሆነ። ፊንገር በ1974 ያለ ሀብትና ያለ ዝና ሞተ። ኩባንያው ስሙን ከባትማን ፈጣሪነት ጋራ እንደሚጽፍለት ያስታወቀው በ2015 ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለምክር ተናገሩት፤ ፊንገር ግን ስሙን ለማግኘት በመቃብር ውስጥ 41 ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

«ታዲያ የኩባንያው ጥፋት ምንድን ነው? ሌሎች የናቁትን ተቀበለ፤ የማተሚያውን ወጪ ቻለ፤ ቢከስር ኪሳራው የእርሱ ነበር፤ ውል ደግሞ ውል ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አነጋገሩ ከንቱ አይደለም። ውል የማይከበርበት አገር ንግድም ሥራም አይኖረውም። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። ያ ወረቀት ሲፈረም ሻጩም ገዢውም የዕቃውን ዋጋ አያውቁም ነበር። ዋጋው በታወቀ ጊዜ ግን አንደኛው ወገን ውሉን እንደ ጋሻ ያዘው። ሕግ ከሚያዘው በላይ መስጠት ነውር አይደለም። ገንዘቡስ ይቅር፤ የሠሪውን ስም በሥራው ላይ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ራሱ ኩባንያው በ1981 ከ100,000 ቅጂ በላይ ለሚሸጥ መጽሔት ለደራሲውና ለሠዓሊው ድርሻ እንዲከፈል ወሰነ፤ በዚህም ምክንያት አልከሰረም። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር ማለት ነው።

የአሜሪካን ሕግም ነገሩን ዘግይቶ ሳያስተውለው አልቀረም። በ1976 የወጣው የድርሰት መብት ሕግ፣ በጥንት ዘመን የተሰጠ መብት ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ደራሲው ወይም ወደ ወራሾቹ እንዲመለስ በር ከፈተ። የሲገል ወራሾችም በዚህ በር ገብተው በ2008 ከመብቱ ግማሹ ተፈረደላቸው። ነገር ግን በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በ2001 ለስምምነት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ያስራችኋል ሲል ወሰነ። አባት በወረቀት ያጣውን ወራሾቹም በወረቀት አጡት።

ያ 130 ዶላር የተከፈለበት ቼክ በ2012 በሐራጅ ቀርቦ በ160,000 ዶላር ተሸጠ። የመጀመሪያው የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር አንድ ቅጂ ደግሞ በ2024 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 ሞተዋልና ይህን አላዩም።

ይህን የጻፍነው በሩቅ አገር ኩባንያ ላይ ለመፍረድ ብቻ አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ነገ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል፤ አንብቦ ይፈርም፤ ያልገባውን መጠየቅ አያሳፍረውም። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተቀመጠው ወጣት ሹም ግን ከዚህ የሚከብድ ኃላፊነት አለበት፤ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው እርሱ ነውና። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ቸኩሎ፣ ተቸግሮ ወይም በደስታ ሰክሮ ሊፈርም ይችላል። የዚያን ጊዜ ብዕሩን ከማቀበል በፊት «አንብበኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከሹሙ የሚጠበቅ ሥራ ነው። በሥዕል ታሪክ ደካማውን የሚያድነው ኃያሉ ሱፐርማን ነው፤ በመሥሪያ ቤት ግን ይህች አንዲት ጥያቄ ትበቃለች።