ቤቱ ይሙቅ፤ ማገዶው ይቆጠብ

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውሃ አንብበናል። ዛሬ ስለ ብርድና ስለ ማገዶ እናነባለን።

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ለምን? አገሩ ከፍተኛ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ወራት ሰማዩም ጥርት ይላል። ደመና ሲጠፋ የመሬቱ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይሸሻል።

ታዲያ እንጨት እንጨምር? እንጨት ከየት ይመጣል? እንጨት ሲያልቅ ኩበት እናነዳለን። ኩበት ደግሞ የማሳው ምግብ ነው። ስለዚህ በጥቂት ማገዶ መሞቅ እንልመድ።

አንደኛ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ጭድ ባለው ጭቃ እንምረግ። በበሩ ሥር ማታ አሮጌ ጆንያ እናድርግ።

ሁለተኛ፤ እንጨቱ ተፈልጦ ከዝናብ ተጠልሎ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ ሲያደርቅ ነው። ለእኛ የሚተርፈን ጭስ ነው።

ሦስተኛ፤ እሳቱን እንከልል። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ ይበተናል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከማገዶው ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል።

አሁን ልብ በሉ! ቤቱ ሲደፈን አንድ አደጋ ይመጣል። ከሰልም ሆነ የእንጨት ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል። በተኙበት ይገድላል። አመድ ለብሶ የተዳፈነ ፍምም ያው ነው፤ «ጭስ የለውም» ብለን አንታለል።

ስለዚህ እሳት ሲነድ በሩና መስኮቱ ገርበብ ይበል። ከመተኛታችን በፊት ፍሙ ከቤት ይውጣ። በሩ የሚዘጋው፣ ጆንያውም የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጆቹ በብርድ ይለቁ እንዴ?» ትሉን ይሆናል። የለም! ደረቅ ድንጋይ ከእሳቱ ዳር ይሙቅ። እጅ እንዳያቃጥል አይተን፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን፣ ከእግራቸው ሥር እናድርግላቸው። በላዩ ባና እናልብሳቸው። ድንጋይ ሙቀት ይይዛል፤ መርዝ ግን የለውም።

እንወያይበት፦
1. ማታ ፍሙን የት እናድርገው?
2. በቤታችን ሙቀት የሚያስወጣው ቀዳዳ የቱ ነው?

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ዛሬ ማታ አንብቡለት።