ጓዝ ከመጫኑ በፊት

በዚህ አምድ በየወሩ ስለ ቤት አስተዳደር እንነጋገራለን። የዛሬው ጉዳያችን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ያሰበ ቤተ ሰብ የሁለቱን ከተሞች ኑሮ እንዴት አድርጎ ማመዛዘን እንደሚገባው ነው። ይህን እንድንጽፍ ምክንያት የሆኑን በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ናቸው።

ወዳጃችን የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው እንዲሠሩ ተጠየቁ። አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሒሳብ ካደረጉ በኋላ፥ «የቤት ኪራይ በወር 4,000 ብር ይቀንስልናል፤ ጤፉም ከጎጃም ማሳ አጠገብ ነው፤ እንግዲህ ምን እንጠብቃለን?» አሉ። ባለቤታቸውም ወረቀቱን ተቀብለው ካነበቡ በኋላ፥ «ሒሳብህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእኔ ሽሮና በርበሬ የት ላይ ተጻፈ?» ሲሉ ጠየቁ። እኒህ ሴት ባልትና እያዘጋጁ ለሰፈሩ ደንበኞች በመሸጥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍኑ ናቸው። አረጋዊት እናታቸውም ከምድጃው ዳር ሆነው፥ «ልጄ፥ ሠላሳ ዓመት የከፈልሁበት እድርስ?» አሉ። ወዳጃችን ወረቀቱን አጥፈው ምክር ፍለጋ ወደ እኛ መጡ።

እኛም ያልናቸው ይህን ነው። ሰፈራችሁ ራሱ መምህር ነው። ድልድዩ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር በነበሩትና በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ይጠራል። ከዚያ ወደ መርካቶ ዘልቆ እህል በረንዳን የተመለከተ ሰው ከጎጃምና ከሌላውም አገር የመጣ ጤፍ ከመኪና ሲወርድ ያያል። እዚያው መርካቶ ውስጥ ደግሞ ሳሙና፥ ልብስ፥ ድስትና ምስማር ወደ ክፍላተ ሀገር ሲጫን ያያል። ስለዚህ ዋጋ ሁሉ በአንድነት አይወርድም፤ በአንድነትም አይወጣም። ከባላገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ በዚያ ሊረክስ ይችላል፤ ከመርካቶ ተጭኖ የሚሄደው ግን የመኪና ኪራይና የነጋዴ ትርፍ ተጨምሮበት ሊወደድ ይችላል። «ባሕር ዳር ርካሽ ነው» ወይም «አዲስ አበባ ውድ ነው» ብሎ በጅምላ መፍረድ ስለዚህ አይበቃም፤ ቤታችሁ የሚገዛውን ዕቃ አንድ በአንድ መጻፍና ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛም፥ የምታመዛዝኑት የቤታችሁን ማዕድ እንጂ የሌላውን አይሁን። ሰዎች ስለ አንድ ከተማ ኑሮ ሲጠየቁ የሥጋውን፥ የቅቤውንና የዓሣውን ዋጋ ይናገራሉ። ሰባቱን አጽዋማት፥ ረቡዕንና ዓርብን የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ግን የዓመቱን ግማሽ ያህል በጾም ያሳልፋል። እንግዲህ ለዚህ ቤት ከሥጋው ይልቅ የዘይቱ፥ የባቄላው፥ የምስሩና የሽንኩርቱ ዋጋ የበለጠ ይመዝናል።

ሦስተኛም፥ አሮጌ ዋጋ አትመኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከዚያ በፊት የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ለዛሬ ሒሳብ አይረዳም። የሁለቱን ከተሞች ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠይቃችሁ ጎን ለጎን ጻፉ። ስለ ቤት ኪራይም ቢሆን፥ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በምትሄዱበት ከተማ አዋጁ በሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ከመዋዋላችሁ በፊት አጣሩ።

አራተኛም፥ በገበያ የማይጠየቅ ዋጋ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ብርድ ልብሱ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን በሙቀት እንጀራው ቶሎ ስለሚሻግት ምጣዱ ቶሎ ቶሎ ይጣዳል፤ ወባም ስላለ አጎበር መግዛት ግድ ነው። መንገዱም የዓባይን በረሃ አቋርጦ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ለዘመድ ልቅሶ፥ ለተዝካርና ለሰርግ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትመላለሱ አስቡና የጉዞውን ገንዘብ በ12 ወር አካፍላችሁ ከወር ወጪ ላይ ደምሩት።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ይዘው ሒሳቡን እንደ ገና ሠሩ። ደመወዛቸው በሁለቱም ከተሞች ያው ነው፤ የባለቤታቸው ገቢ ግን ደንበኛ እስኪገኝ ድረስ የሚቋረጥ ሆነ። ከኪራይ የሚተርፈው 4,000 ብርም የትምህርት ቤቱን ክፍያ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ጊዜ ወዳጃችን አንገታቸውን ደፍተው፥ «በቤቴ ውስጥ ሁለት ደመወዝ እንዳለ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር» አሉን። ይህ ቃል ከሒሳቡ ሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው።

ቤተ ሰቡ ግን መዛወሩን አልተወውም። ልጆቹ የትምህርቱን ዘመን በአዲስ አበባ እንዲፈጽሙ፥ ወዳጃችን አስቀድመው ሄደው በትንሽ ክፍል እንዲቀመጡ ተስማሙ። ባለቤታቸውም በዕረፍት ጊዜ ሄደው ገበያውን በዓይናቸው አይተው፥ ባልትናቸው በዚያ ገዢ ያገኝ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። እናታቸውም እድራቸውን በልጃቸው እኅት እጅ እየከፈሉ ይቆያሉ።

በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣው ሰው የተነገረው ምሳሌ ለባለጠጎች ብቻ የተነገረ አይደለም። አንድ አልጋ፥ ሁለት ሣጥንና አንድ ምጣድ የሚያዛውር ሰውም ተቀምጦ ሊቆጥር ይገባዋል። ሲቆጥር ግን ብቻውን አይቀመጥ፤ ሚስቱንና እናቱን ከወረቀቱ ዙሪያ ያስቀምጥ። እርሱ የዘነጋውን እነርሱ ያውቁታልና።